የእንጨት ቅብ

የእንጨት ቅብ በእንጨት ዕቃ ገጽ ላይ የሚለበጥ ወይም ወደ እንጨቱ ውስጥ እንዲሰርግ የሚደረግ መከላከያና ማስዋቢያ ነው። ቅቦች በጥቅሉ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው የእንጨቱን መልክ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ቀለም ነው። ሁለተኛው የእንጨቱን መልክና መስመሮች እንዲታዩ የሚተወው ተፈጥሯዊ ቅብ ሲሆን፣ ቫርኒሽ፣ ዘይት፣ ሰምና የመሳሰሉት በዚህ ሥር ይመደባሉ። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ብዙ ጊዜ የውበት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታያል። ይሁን እንጂ ምርጫው ዕቃው ስንት ዓመት እንደሚያገለግልና በየስንት ጊዜው መጠገን እንዳለበት ይወስናል። ምክንያቱም ብርሃን አሳላፊ የሆነ ቅብ እንጨቱን ለዓይን እንደሚያሳይ ሁሉ ለፀሐይም ያጋልጠዋል።

ጉዳዩ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከተሞች ተጨባጭ ነው። እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው የሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተካተቱ ሲሆን፣ ሁሉም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። የበጋው ፀሐይና የክረምቱ ዝናብ በውጭ በር፣ በመስኮትና በአጥር እንጨት ላይ በየዓመቱ ይፈራረቃሉ።

የቅብ ዓይነቶች

ቀለም ከሦስት ነገሮች ይሠራል፤ መልክ ከሚሰጠው ደቃቅ የቀለም ዱቄት፣ ዱቄቱን አያይዞ ከሚይዘው ማጣበቂያ፣ እና ከማቅጠኛ። ማቅጠኛው ቀለሙ ከተቀባ በኋላ ይተናል። ለእንጨት በብዛት የሚውለው የዘይት ቀለም ነው። ይህ በአኳራጅ ወይም በቲነር የሚቀጥን ሲሆን፣ ሲደርቅ ጠንካራና አንጸባራቂ ሽፋን ይሠራል። በውኃ የሚቀጥኑ ቀለሞች ደግሞ ቶሎ ይደርቃሉ፤ ሽታቸው ይቀንሳል፤ ሲደርቁም የመለጠጥ አቅማቸው የተሻለ ነው።

ቫርኒሽ ቀለም የሚሰጥ ዱቄት የሌለበት ቅብ ነው ማለት ይቻላል። ሙጫ ወይም ሰው ሠራሽ ማጣበቂያ በዘይትና በማቅጠኛ ውስጥ ሟሙቶ ይዘጋጃል። በእንጨቱ ላይ ግልጽና ጠንካራ ሽፋን ሆኖ ይደርቃል።

ዘይት ሽፋን አይሠራም፤ ወደ እንጨቱ ይሰርጋል። ለዚህ የሚያገለግሉት ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕደው የሚጠጥሩ ዘይቶች ናቸው። ከእነዚህ ዋነኛው የተልባ ዘይት ነው። የኑግ ዘይትም ይደርቃል፤ ነገር ግን ከተልባ ይልቅ በዝግታ ነው። የወይራ ዘይትን የመሰሉ የማይደርቁ ዘይቶች ግን ለዚህ ሥራ አይሆኑም። እንጨቱን አወዝተውና አቧራ እንዲስብ አድርገው ይቆያሉ።

ግማሽ አሳላፊ ቅብ በቀለምና በቫርኒሽ መካከል የሚቀመጥ ነው። ጥቂት የቀለም ዱቄት ስለሚገኝበት የእንጨቱን መስመሮች ሳይደብቅ ከብርሃን በከፊል ይከላከላል።

እንጨትን የሚጎዱ ነገሮች

ብርሃን፦ እንጨት በዋናነት ከሴሉሎስ ክሮችና ክሮቹን እንደ ሙጫ አያይዞ ከሚይዘው ሊግኒን ከተባለው ንጥረ ነገር የተሠራ ነው። ሊግኒን የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር ስለሚስብ በጨረሩ ይፈራርሳል። ያልተቀባ እንጨት ደጅ ሲውል መጀመሪያ ቢጫ ወይም ቡናማ የሚሆነው፣ ቀጥሎም የሚሸብተው በዚህ ምክንያት ነው። ጉዳቱ ከላይኛው ስስ ገጽ አይዘልም፤ ዝናብ የላሉትን ክሮች ሲያጥብ ግን እንጨቱ በዝግታ ይሸረሸራል። ለስላሳ በሆኑ እንጨቶች ላይ ይህ መሸርሸር በ100 ዓመት ወደ 6 ሚሊ ሜትር እንደሚደርስ ይገመታል። ስለዚህ ብርሃን ብቻውን አንድን ወፍራም ምሰሶ አይጥለውም። ችግሩ የላይኛው ገጽ ሲላላ በላዩ ያለው ቅብ የሚይዘው ነገር ማጣቱ ነው።

ውኃ፦ እንጨት እርጥበት ሲስብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። መጠኑ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በግንዱ የዓመት ቀለበቶች አቅጣጫ የሚሆነው ለውጥ ከመሐል ወደ ውጭ ከሚሆነው እጥፍ ገደማ ነው፤ በርዝመቱ ግን እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ የለም። ጣውላ የሚጣመመውና የሚሰነጠቀው በዚህ ልዩነት የተነሳ ነው። ማንኛውም ቅብ እርጥበትን ያዘገያል እንጂ ፈጽሞ አይከለክልም።

ሕይወት ያላቸው ነገሮች፦ እንጨት የሚያበሰብሱ ፈንገሶች ለመራባት በአብዛኛው ከመቶ 20 በላይ እርጥበት ያለው እንጨት ይፈልጋሉ። ደርቆ የሚቆይ እንጨት አይበሰብስም። ምስጥና ነቀዝ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ ቅብ እነርሱን አያስቀርም። ከእነርሱ የሚጠብቀው የእንጨቱ ዓይነት፣ ለዚሁ የተዘጋጀ መድኃኒት ወይም እንጨቱን ከመሬት ማራቅ ነው።

ከእነዚህ ሦስቱ አንጻር ሲታይ የቀለምና የቫርኒሽ ልዩነት ግልጽ ይሆናል። ሁለቱም ውኃን ያዘገያሉ፤ ብርሃንን የሚያግደው ግን የቀለሙ ዱቄት ነው። ጨረር መጣጭ ያልተጨመረበት ቫርኒሽ ጨረሩን ያሳልፋል። በሥሩ ያለው እንጨት ሊግኒኑ ሲፈራርስ ቫርኒሹ ራሱ ገና ጤናማ ሆኖ ሳለ ከእንጨቱ ይላቀቃል። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት የሚገኘውና በ1910 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የደን ውጤቶች ላቦራቶሪ ባሳተማቸው መምሪያዎች መሠረት፣ ለፀሐይ በተጋለጠ እንጨት ላይ ግልጽ ቫርኒሽ ብዙ ጊዜ ከሁለት ዓመት አያልፍም። በአግባቡ የተቀባ ቀለም ግን ከ7 እስከ 10 ዓመት ሊቆይ ይችላል።

የአየር ጠባይ በአዲስ አበባ ዙሪያ

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ገለጻ፣ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር ከመቶ 10 እስከ 12 ይጨምራል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ስለሚገኙ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናታቸው ላይ ትቆማለች። ከፍታውና ለምድር ወገብ ያላቸው ቅርበት ተደምረው ጨረሩን ጠንካራ ያደርጉታል። የአየሩ ቅዝቃዜ በዚህ ረገድ ያዘናጋል፤ ቀዝቃዛ ቀን ጨረሩ ደካማ ነው ማለት አይደለምና። በመሆኑም ከዝቅተኛ አገሮች የተወሰዱ የቫርኒሽ የዕድሜ ግምቶች ለእነዚህ ከተሞች እንደ ጣሪያ እንጂ እንደ አማካይ ሊወሰዱ አይገባም።

ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘልቅ ሲሆን፣ በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ይበረታል። በነዚህ ወራት እንጨት እርጥበት ይስባል፤ በሮች አብጠው አልዘጋ የሚሉትም ያኔ ነው። በበጋ ደግሞ ቀኑ ደረቅና ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ በተለይ እንደ ሱሉልታ ባሉ ሜዳማ ደጋዎች ውርጭ ሊወርድ ይችላል። እንጨቱ በዓመት አንድ ጊዜ የሚያብጥና የሚኮማተር ብቻ ሳይሆን ገጹ በየቀኑ የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ በመሆኑ፣ ግትር የሆነ ወፍራም ሽፋን በመጋጠሚያዎች ላይ ቶሎ ይሰነጠቃል።

የእንጨቱ ዓይነትና ቅቡ

ጽድ በኢትዮጵያ ደጋ ከሚገኙት አገር በቀል ዛፎች አንዱ ነው። ከሰበታ ብዙም በማይርቀው በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በጽድ ዛፎቹ ይታወቃል፤ በትውፊት ደኑ ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጋር ይያያዛል። የጽድ ልብ ቀላ ያለና መዓዛማ ሲሆን፣ ምስጥንና መበስበስን በተፈጥሮው ይቋቋማል። በዚህ ምክንያት ሳይቀባ ወይም በዘይት ብቻ ተቀብቶ ሊያገለግል ከሚችሉት ጥቂት እንጨቶች አንዱ ነው። እንዲህ ያሉ መዓዛማ እንጨቶች ውስጣቸው ያለው ቅባት የዘይት ቀለምን መድረቅ ሊያዘገይና በነጭ ቀለም ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ሊያወጣ ስለሚችል፣ መጀመሪያ የማያሳልፍ ፕራይመር ይቀባሉ።

ዋንዛ ለቤት ዕቃ፣ ለበር፣ ለከበሮና ለብራና መጻሕፍት ገበታ ሲያገለግል የኖረ እንጨት ነው። ለመላግ ይመቻል፤ መልኩም ከቀላል ቡናማ እስከ ቀይ ቡናማ ይደርሳል። ይህን መልክ በቀለም መሸፈን እንጨቱ የተገዛበትን ዋጋ መሸፈን ያህል ስለሚቆጠር፣ ዋንዛ በአብዛኛው በቫርኒሽ ይጠናቀቃል።

ዝግባ ቀጥ ያለና ለስላሳ ገጽ ያለው እንጨት ነው፤ ቀለምን በደንብ ይይዛል። ይሁን እንጂ እርጥበት ባለበት ቦታ በቀላሉ ስለሚበሰብስ ሳይቀባ ደጅ መዋል የለበትም።

ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ አዲስ አበባ ገብቶ የከተማዋንና የአካባቢዋን የማገዶና የግንባታ እንጨት ችግር ያቃለለ ዛፍ ነው። በእንጦጦና በዙሪያው ባሉት ከተሞች የሚታየው ነጭ ባሕር ዛፍ በፍጥነት ያድጋል፤ ሲደርቅ ግን በእጅጉ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። ሳይደርቅ የተቀባ የባሕር ዛፍ ጣውላ ቅቡን ይዞ ይሰነጠቃል። የፈረንጅ ጽድ ደግሞ ጉጥ የሚበዛበት ሲሆን፣ ጉጦቹ ሙጫ ስለሚያወጡ ከመቀባታቸው በፊት በተለየ ማሸጊያ ይሸፈናሉ።

ኮምፔርሳቶ ከስስ የእንጨት ንብርብሮች ተጣብቆ የሚሠራ ሲሆን፣ ደካማ ጎኑ ጠርዙ ነው። ውኃ በጠርዙ ከገባ ንብርብሮቹ ይላቀቃሉ። ኤምዲኤፍና ቺፕውድ ውኃ ሲነካቸው አብጠው ወደ ቀድሞ መጠናቸው ስለማይመለሱ ቅቡ ምንም ይሁን ምን ለደጅ አይመከሩም።

መጠለያ እንደ መጀመሪያ ቅብ

በኢትዮጵያ ለዘመናት የቆየ የተቀባ እንጨት የሚገኘው ከፀሐይና ከዝናብ በተጠለለ ቦታ ነው። በላስታ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በዋሻ ውስጥ የታነጸ በመሆኑ በጣሪያው ያሉት ያጌጡ እንጨቶች ለብዙ መቶ ዓመታት ቆይተዋል። በጣና ሐይቅ በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት እንዳሉት እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ባሉ ክብ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ፣ ሥዕሎቹ ያሉት በመቅደሱ ግድግዳና በሮች ላይ ነው። በዙሪያቸው ያለው ቅኔ ማኅሌትና ሰፊው የጣሪያ ክፍክፍ ብርሃንንና ዝናብን ያስቀሩላቸዋል።

ይኸው ሐሳብ ለመኖሪያ ቤትም ይሠራል። ክፍክፉ ረዘም ያለ፣ በሩም ወደ ውስጥ ገባ ያለ ቤት ቫርኒሽ ሊመርጥ ይችላል። ፀሐይና ዝናብ በቀጥታ የሚያገኘው በር ግን ቀለም ቢቀባ ይሻለዋል። በአንድ ቤት ውስጥም ምርጫው ሊለያይ ይችላል፤ የከሰዓት ፀሐይ የሚያርፍበት የምዕራብ መስኮት በቀለም፣ ጥላ የሚያገኘው በር በቫርኒሽ ሊጠናቀቅ ይችላል።

ጀልባና ታንኳ

የቀለምና የተፈጥሯዊ ቅብ ምርጫ እጅግ የሚከብደው በውኃ ላይ ነው፤ ጀልባ ከላይ ፀሐይ፣ ከታች ውኃ አያጣምና። የጣና ሐይቅ ታንኳ ከደንገል የሚታሰር ሲሆን ቅብ የለውም። ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ከሥራ በኋላ ከውኃ ወጥቶ እንዲደርቅ ይደረጋል። ዕድሜው አጭር ቢሆንም ደንገሉ ከሐይቁ ዳር ስለሚገኝ በሌላ ይተካል። እዚህ ላይ ጥበቃው በመተካት እንጂ በቅብ አይደለም።

ካያክ ሁለት ጫፍ ባለው መቅዘፊያ የሚቀዘፍ ጠባብ ጀልባ ነው። መነሻው የሰሜን ዋልታ አካባቢ ሕዝቦች ከእንጨት አጽምና ከባሕር እንስሳት ቆዳ የሚሠሩት ጀልባ ነው። ዛሬ በቤት የሚሠራ ካያክ ብዙ ጊዜ ከኮምፔርሳቶ ይቆረጥና ቁርጥራጮቹ በሽቦ ተሰፍተው በኢፖክሲ ሙጫ ይጣበቃሉ፤ ወይም ከቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች ጎን ለጎን ይገጠማል። ከዚያም በፋይበርግላስ ጨርቅና በኢፖክሲ ይለበጣል።

ኢፖክሲ ውኃን በሚገባ ስለሚከላከል የካያኩ ሠሪ የእንጨቱን ውበት ማሳየት ይፈልጋል። ነገር ግን ኢፖክሲ ራሱ በአልትራቫዮሌት ጨረር ይጎዳል፤ ይደበዝዛል፣ ይፈረፈራል። ስለዚህ ተፈጥሯዊ መልኩ እንዲታይ የተፈለገ ካያክ ጨረር መጣጭ ያለበት ቫርኒሽ በበርካታ ድርብ ይቀባል፤ ቫርኒሹም ሳይላላ በፊት ይታደሳል። የተቀባ ካያክ እንክብካቤው ይቀላል፤ በስቱኮ የተሞላ ስሕተትም አይታይበትም። ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቀለም ግን ፀሐይ ላይ በጣም ስለሚሞቅ ኢፖክሲውን ሊያላላ ይችላል፤ በዚህ የተነሳ ነጣ ያሉ ቀለሞች ይመረጣሉ። ብዙዎች መካከለኛ መንገድ ይይዛሉ፤ ከድንጋይና ከአሸዋ ጋር የሚፋጨውን የታችኛውን ክፍል ቀለም ቀብተው የላይኛውን በቫርኒሽ ይተዉታል። በማንኛውም ምርጫ ጀልባውን በጥላ ማስቀመጥ ከየትኛውም ድርብ ቅብ ይበልጥ ዕድሜውን ያራዝማል።

አሠራር

እንጨቱ ከመቀባቱ በፊት መድረቅ አለበት። በአዲስ አበባ ዙሪያ ለቅብ የሚመቸው ጊዜ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ከጥቅምት ጀምሮ ያለው ነው። በክረምት የተቀባ እርጥብ እንጨት በበጋው ፀሐይ እርጥበቱ ሲወጣ ቅቡን ያሳብጠዋል።

ገጹ በብርጭቆ ወረቀት መጀመሪያ በሻካራው፣ ቀጥሎ በለስላሳው፣ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ይፈገፈጋል። ለቫርኒሽ ሥራ ይህ ደረጃ ወሳኝ ነው። ቀለም ጭረትንና የስቱኮ ሙሊትን ይሸፍናል፤ ቫርኒሽ ግን አጉልቶ ያሳያል። ለቀለም ፕራይመር አንድ ጊዜ፣ ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀባል። ለቫርኒሽ የመጀመሪያው ድርብ ቀጠን ብሎ ይቀባና፣ ከእያንዳንዱ ድርብ በኋላ በለስላሳ ወረቀት ተፈግፍጎ ሌላ ይደረብበታል።

የጣውላው የተቆረጠ ጫፍ ከጎኑ ይልቅ ብዙ እጥፍ ውኃ ይጠጣል። የበር የታችኛው ጠርዝ ከተገጠመ በኋላ ስለማይታይ ብዙ ጊዜ ሳይቀባ ይቀራል፤ መበስበስም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ስለዚህ በር ከመገጠሙ በፊት ስድስቱም ገጾቹ ይቀባሉ። አንዱ ፊት ተቀብቶ ሌላው ከተተወ ጣውላው እርጥበትን እኩል ስለማይስብ ይጣመማል።

ጥገና

ቀለም ያረጀ መሆኑን በመፍዘዝ፣ በመሰነጣጠቅና በመላጥ ያሳያል። ትልቁ ድክመቱ ከሥሩ ያለውን መደበቁ ነው፤ በተከፈተ መጋጠሚያ የገባ ውኃ በቀለሙ ሥር ታፍኖ እንጨቱን ሊያበሰብስ ይችላል። ያበጠ ወይም ሲጫኑት የሚጎደጉድ ቦታ የዚህ ምልክት ነው። ቫርኒሽ በተቃራኒው ጉዳቱን ቶሎ ይገልጣል፤ ውኃ የገባበት ቦታ ይጠቁራል ወይም ይነጣል። ሆኖም ከተላጠ በኋላ የሸበተውን እንጨት ሙሉ በሙሉ ሳይልጉ መልሶ መቀባት አይቻልም። ቫርኒሽ መታደስ ያለበት ከመላጡ በፊት፣ ገጹ መፍዘዝ ሲጀምር ነው። ዘይት የተቀባ እንጨት ለመጠገን ከሁሉም ይቀላል፤ አይላጥምና አጽድቶ እንደገና መቀባት ብቻ ይበቃዋል። በአንጻሩ ደጅ ለሚውል ዕቃ በየጊዜው መደገም አለበት።

ከዚህ በመነሳት ምርጫው በሦስት ነጥቦች ይጠቃለላል።

ዕቃው ለፀሐይና ለዝናብ ያለው ተጋላጭነት፦ የተጋለጠ ከሆነ ቀለም፣ የተጠለለ ከሆነ ከሁለቱ የተፈለገው።

የእንጨቱ ዓይነት፦ ልበ ጠንካራና መልኩ የሚያምር ከሆነ ተፈጥሯዊ ቅብ፣ ጉጥ፣ ሙሊትና ቅጥል ከበዛበት ቀለም።

የባለቤቱ የጥገና አቅም፦ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ማደስ የማይቻል ከሆነ ለውጭ ዕቃ ቫርኒሽ ውሎ አድሮ ከቀለም የበለጠ ያስወጣል።

ጤናና ደኅንነት

በቀድሞ የዘይት ቀለሞች ውስጥ እርሳስ (ሊድ) ለማድመቂያና ለማድረቂያ ይጨመር ነበር። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን የአእምሮ እድገት ይጎዳል፤ ጉዳት የማያደርስ መጠኑም አይታወቅም። በኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አሮጌ ቀለምን በደረቁ መፈግፈግ የተመረዘ አቧራ ስለሚያስነሳ፣ ገጹን በውኃ አርጥቦ መፈግፈግና ሕፃናትን ከቦታው ማራቅ ያስፈልጋል።

የቲነርና የአኳራጅ ትነት ተቀጣጣይ ከመሆኑም በላይ ራስ ያዞራል። ሥራው በተከፈተ ቦታ፣ ከምድጃና ከሲጋራ ርቆ ይከናወናል። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ደግሞ የተለየ አደጋ አለው። ዘይቱ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ሙቀት ስለሚያመነጭ፣ ተጨባብጦ የተጣለ ጨርቅ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ሊነድ ይችላል። ጨርቁ ተዘርግቶ ደጅ እንዲደርቅ ወይም በውኃ ተነክሮ በተከደነ ቆርቆሮ እንዲቀመጥ ይደረጋል።